ዝግ ነው ያልኩሽ ምግብ ቤት

ውድ ባለቤቴ ፍሬሕይወት፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የተቀባዩ ጤንነት እንደሚጠየቅ ያስተማሩኝ የአራተኛ ክፍል መምህሬ ናቸው። ከዚያ በላይ ትምህርት ቤት አልቆየሁም፤ ያችን ሥርዓት ግን እስከ ዛሬ ጠብቄ ኖሬአለሁ። ዛሬም እንደ ሥርዓቱ ልጽፍልሽ ተቀምጬ፣ ጤናሽን ከምጠይቅበት መስመር ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። መስመሩን ዘልዬዋለሁና ይቅር በይኝ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ሳትናፍቂኝ ቀርተሽ አይደለም፤ ልጽፍልሽ የሚገባኝ ነገር ስላስፈራኝ ነው።

ፍርሃቴን ታውቂዋለሽ። በሩን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን ስስብ፣ ታች ቆመሽ "ተቆልፏል ደምሴ፣ በሩም እኮ ሰለቸው" ትይኝ ነበር። ይህንንም ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በመጨረሻ በግድ ያስቀመጡኝ እናትሽ ናቸው፤ ነገሩ ከእሳቸው ዘንድ እንዴት እንደ ደረሰ በተራው እነግርሻለሁ። ዋናውን ግን ከፊት ላስቀምጠው፤ አለዚያ እንደ ልማዴ ዙሪያውን ስዞር ወረቀቱ ያልቅብኛል። ፍሬዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያ የጃፓኖች ምግብ ቤት ተዘግቶ አልነበረም።

የቤታችንን ወሬ አስቀድሜ ልንገርሽ። አሁንም እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኖርዝላንድ ሰፈር፣ እዚያው አፓርታማ ውስጥ ነኝ። የመጨረሻዎቹን ወራት የተኛሽበትን አልጋ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መልሼዋለሁ፤ የእግሮቹ ምልክት ግን ምንጣፉ ላይ አራት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል፤ እንዳልረግጠው ዞሬ አልፋለሁ። ልብሶችሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ሰማያዊውን ሹራብ ብቻ አስቀረሁ። የዌርሃውሱን የመጋዘን ሥራ ትቼ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬአለሁ፤ እንጨት ተመልሶ እጄ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ እማራለሁ። አንቺ ስትለምኚኝ "ለዚህ ዕድሜ?" እያልኩ ያሾፍኩበትን ትምህርት፣ የምትለምነኝ ስትጠፋ ራሴ ሄጄ ተመዘገብኩ። ሰው ቀስ ብሎ ካናገረኝ አሁን አብዛኛውን እሰማለሁ። መናገሩ ግን ገና ነው፤ በተለይ ያለፈው ጊዜና የአሁኑ ጊዜ ይምታቱብኛል። ጎረቤታችን ጋሼ መኮንን ደህና ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩን አንኳኩተው "አለህ ወይ?" ብለው፣ "አለሁ" ስላቸው ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ምግብ ቤቱን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። እዚህ አገር ከገባን ገና ሦስት ወራችን ነበር። ልብሳችንን የምናጥበው ሞርስ ሮድ ላይ ባለው ላውንድሪ ስለነበር፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ከጎኑ ባለው ምግብ ቤት መስኮት ፊት ትቆሚ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ የተደረደሩት ምግቦች እውነተኛ መስለውሽ፣ "የእነዚህ ሰዎች ምግብ ሳምንት ሙሉ አይበላሽም እንዴ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከፕላስቲክ የተሠሩ መሆናቸውን ስናውቅ፣ ላውንድሪው ውስጥ ያሉት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅሽ። የምግብ ቤቱን ባለቤት፣ ያችን ሸምገል ያለች፣ አጭር፣ እግረ ቀልጣፋ ሴት፣ በመስኮት እያየሽ "እትዬ ሩዝ" ብለሽ ስም ያወጣሽላትም ያን ዕለት ነው። "አንድ ቀን እትዬ ሩዝ ቤት እንበላለን" አልሽኝ። አንቺ መስኮቱን ስታዪ፣ እኔ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሜኑ እያየሁ ነበር። ከላይ እስከ ታች አንድም የማውቀው ቃል አጣሁበት።

አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሽ፣ ዲቪ ደርሶሽ የመጣሽ ሴት ነሽ። እኔ በአንቺ ወረቀት የገባሁ ባል ነኝ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስተሽብኝ አታውቂም። እኔ ግን፣ ሰው በተቀመጠበት ሜኑ ሰጥተውኝ ገልብጬ ስይዘው በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኝ ነበር፤ ገና ሳልገባ አፍር ነበር።

ቢሆንም ከአንቺ አላመለጥኩም። ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሑድ፣ ጋሼ መኮንን ሥጋ ገዝተው ሲጠሩን፣ እኛ የጃፓን ምግብ ልንበላ ነው ብለሽ መለስሽላቸው። ደረጃው ላይ ቆመው ተመለከቱን። "ቅበላን በሩዝ?" አሉ። "እናንተ ልጆች ጾሙን በአንድ ቀን ቀድማችሁ ልትጀምሩት ነው?"

የዚያን ቀን ነገር አንድም አልጠፋኝም። ገና ከመቀመጣችን እትዬ ሩዝ ትኩስ እርጥብ ፎጣ አመጣችልን። እኔ ለምን እንደሆነ ጨንቆኝ አንቺን አንቺን ስመለከት፣ እጅሽን ጠርገሽበት "አየህ፣ እነሱም ያስታጥባሉ" አልሽኝ፤ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሜኑውን ለሁለታችንም አንቺ ተቀበልሽ፤ ልታሳፍሪኝ ስላልፈለግሽ "ልምረጥልህ?" ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ ዝም ብለሽ ኦርደር አደረግሽ። ጥሬው ዓሣ ሲመጣ ሳህኑን በጣቴ ወደ አንቺ ገፋሁት። "ጋሼ መኮንን ቤት ቢሆን ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጥክ ትውጥ ነበር፤ አሁን ይህችን የምታህል ዓሣ አስፈራችህ?" አልሽኝ። የእኔ በሬ መሆኑ ቢያንስ ይታወቃል ብዬ ተከራከርኩ። ከሁሉ የወደድሽው ሾርባውን ነበር። ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጅሽ አንስተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠጣሽና "ይሄ ሾርባ ሆድ ያቅፋል" አልሽ። እኔ ቀምሼ ጨዉ በዛ አልኩ። አልበዛም ነበር፤ የምለው ስላጣሁ ነው።

ቾፕስቲክ የሚሏቸውን መብያ ስንጥሮች አንቺ ወዲያው ለመድሻቸው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንጨት ሲታዘዝልኝ የኖርኩ ሰው፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አልገዛ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው አንዱን ጥቅልል ሩዝ በስንጥሮችሽ አንስተሽ ወደ አፌ ያስጠጋሽው። ጉርሻ ነበር። በሠርጋችን ዕለት ሰው ሁሉ እያየ አጉርሰሽኛል፤ ቤታችንም ስንበላ ያላጎረስሽኝ ቀን የለም። ያን ቀን ግን ከጎናችን ያሉት ፈረንጆች ከነልጆቻቸው ቀና ብለው ያዩን መሰለኝ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲጎርስ ምን ይሉኛል ብዬ አፌን ከምከፍት፣ የራሴን ስንጥሮች ዘርግቼ ጉርሻሽን ከአየር ላይ ተቀበልኩሽ። ያን ቀን ሙሉ እምቢ ያሉት እንጨቶች በዚያች ቅጽበት ታዘዙልኝ።

እትዬ ሩዝ ከወጥ ቤቱ በር ሮጣ መጣች። ሁለት እጆቿን በስንጥሮቻችን መካከል አስገብታ፣ እየሳቀችም እየተጨነቀችም በለሆሳስ አንድ ነገር ነገረችሽ። ፊትሽ ለአፍታ ተለወጠ፤ ከዚያ ሳቅሽ። ምን አለች ብዬ አላስቀምጥ ስልሽ ነገርሽኝ። በእነሱ አገር ምግብ ከስንጥር ወደ ስንጥር አይቀባበሉም፤ እንደዚያ የሚቀባበሉት አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የሟቹን አጥንት ነው።

"አፍህን ብትከፍት ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አልሽኝ።

አንቺ ነገሩን እንደ ቀልድ ይዘሽው ወጣሽ፤ በማግሥቱ ለጋሼ መኮንንም ነገርሻቸው። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውስጤ አንድ ነገር ተቀመጠ። የሟች ነገር በሁለታችን መካከል ተቀባበልን፤ አንቺ ሰጠሽ፣ እኔ ተቀበልኩ። ሟርት ነው ብዬ በቃሌ አላወጣሁትም፤ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፣ ስቀሽም ታድኝኝ ነበር። ደብቄ ያዝኩት። እዚያ ቤት ዳግመኛ ካልገባን ነገሩ እዚያው ይቀራል ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ለፋሲካ እንመለሳለን ብለሽ ስትወጪ፣ እሺ ያልኩሽ አፌ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኮሮና ገባና ከተማው ሁሉ ተዘጋ። ፋሲካን በር ዘግተን ዋልን። ልብስ ለማጠብ ሁለታችንም ከምንወጣ አንዳችን እንሂድ ተባብለን እኔ ብቻ መሄድ ጀመርኩ። በግንቦት ጠየቅሽኝ፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጠው፣ መብራቱ ጠፍቶ አይቼ ስለነበር "ዝግ ነው" አልኩሽ። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ከዚያ በኋላ ያልኩሽ አራቱም ግን ውሸት ነው።

በሰኔ ድካም ድካም ይልሽ ጀመር። ኮሮናው ይሆን ብለን ፈራን፣ ተመርመሪ ተባልሽ፣ አይደለም ተባለ፤ ድካሙ ግን አለቀቀሽም፤ ከቤት መውጣት ተውሽ። ምግብ ሁሉ ሸተተሽ። በሐምሌ አንድ ቀን ከተኛሽበት ቀና ብለሽ፣ የእትዬ ሩዝን ሾርባ ባገኝ እጠጣ ነበር አልሽኝ። በማግሥቱ ልብሱን ተሸክሜ ስሄድ በሩ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። ኦፕን ይላል፤ ክፍት ነው ማለት ነው። ፍሬዬ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር ብዬ ልከራከርሽ አልችልም፤ ያችን ቃል ራስሽ ፊደል በፊደል አስተምረሽኝ አሳምሬ አነባት ነበር። በመስተዋቱ በኩል እትዬ ሩዝ አፏን ሸፍና ለሰው ከረጢት ስታቀብል አየኋት። ቤት ገብቼ "ዝግ ነው" አልኩሽ።

በነሐሴ ደግመሽ ጠየቅሽኝ። ገብቶ መብላት ባይፈቀድ እንኳ ቱጎ ይሰጡ ይሆናል፣ በዕቃ አምጣልኝ አልሽኝ። ፈጽሞ የለም፣ ቤቱ ጨልሟል አልኩሽ። በመስከረም ሐኪሞቹ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ዕጢ ካገኙት በኋላ እንደገና አነሳሽው፤ ያኔም ያንኑ መለስኩልሽ። ያን ጊዜማ ፍርሃቴ ከፋ። የፈራሁት ሊደርስ ነው፣ አሁን ከዚያ ቤት የወጣ ነገር ካፍሽ ከገባ አበቃ አልኩ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ብሄድ ምን ብዬ ነው የማዘው፣ ሾርባውን በስሙ አላውቀውም፣ ሴትዮዋ ብታናግረኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ እጨነቅ ነበር። የትኛው ፍርሃት እንደሚበልጥ አሁን ስመዝነው፣ ሟርቱ ይሁን ኀፍረቱ፣ አላውቀውም። ሟርት ነው ብል ይቀለኛል፤ ቢያንስ ለአንቺ ብዬ የፈራሁ ይመስላል። ነገር ግን ሜኑው ላይ አንድ የማውቀው ቃል ቢኖር ኖሮ እሄድ ነበር ብዬ የማስብባቸው ቀናት አሉ፤ እነዚያ ቀናት ይከብዱኛል።

የመጨረሻው በታኅሣሥ ነበር። አልጋሽ ሳሎን ወጥቷል፤ ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው የምትወስጂው። ልብሱን ይዤ ስገባ ዓይንሽን ገልጠሽ "ተከፈተ?" አልሽኝ።

"ገና ነው" አልኩሽ።

ብዙ አየሽኝ። ሕመሙ መስሎኝ ትራስሽን አስተካከልኩልሽ። "እሺ፣ ሲከፈት ንገረኝ" አልሽና ዓይንሽን ከደንሽ።

በጥር ተለየሽኝ። በቀብርሽ ላይ በቁጥር ነበርን፤ ሁላችንም አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን ቆምን። ጋሼ መኮንን ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ለእናትሽ አሰላ ድረስ አሳዩአቸው። በሳምንቱ እናትሽ ደውለው ከለቅሶ መልስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ ስትታመም ምን አማራት፣ ያማራትንስ አገኘች ወይ አሉኝ። ያማራት ሁሉ ቀርቦላታል፣ ምንም የቀረባት የለም አልኳቸው። ተመስገን ብለው አለቀሱ። በአንቺ ላይ የጀመርኩትን ውሸት በእሳቸው ላይ ጨረስኩት።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ግን እሳቸው ጉዳዩን አልረሱትም ነበር። ዘንድሮ ለነዳያን የማበላው የልጄን አምሮት ነው፤ ያቀረብክላትን ንገረኝና እሱኑ አበስላለሁ አሉኝ። የሚቀጥለው እሑድ እነግርዎታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ክትፎ ነበር ልላቸው እችል ነበር፣ ገንፎም ልላቸው እችል ነበር፣ ያምኑኛል። ከዚያ በአንቺ ስም የሚበሉት ሰዎች ሁሉ ውሸቴን ሊጎርሱ ነው። ይህን ማድረግ አቃተኝ። ቅዳሜ ከትምህርት ስወጣ በእግሬ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድኩ።

በሩን ከፍቼ ስገባ እትዬ ሩዝ ወዲያው አወቀችኝ። ጠቆር ያለም ነጣ ያለም ብዙ ሰው በሚገባበት ቤት እንዴት ለየችኝ ብዬ ገረመኝ። ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ወደ ኋላዬ ተመለከተች፤ የምትመለከተው አንቺን ነበር። ሚስትህስ አለችኝ። ያጠናሁትን አረፍተ ነገር ረስቼ በአንድ ቃል መለስኩላት። ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለችልኝ፤ ቀና ለማለትም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እንግሊዝኛዬን ስላየችው ቃል በቃል እየለያየች ተናገረች።

ደውለሽላት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከቤት በማይወጣበት በዚያ ሙቀት፣ ጉርሻውን የተቀባበልነው ሰዎች ነን ብለሽ ራስሽን አስተዋውቀሽ፣ ክፍት ናችሁ ወይ ብለሽ ጠየቅሻት። ክፍት ነን፣ ቅርብ ከሆናችሁ ሾርባውን ራሴ አመጣልሻለሁ አለችሽ። አንቺ እምቢ አልሽ።

"አይ፣ አመሰግናለሁ" ብለሽ እንደመለስሽላት ነገረችኝ። "ባሌ ክፍት መሆናችሁን ገና አላወቀም። ሲያውቅ ይዞኝ ይመጣል።"

ይህ መቼ እንደ ነበር ጠየቅኋት፤ ኦገስት አለችኝ። በነሐሴ ነበር የደወልሽው። በመስከረም ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር። በታኅሣሥም ታውቂ ነበር። ለሴትዮዋ እውነቱን ልነግራት ፈለግሁ፤ አውቅ ነበር ልላት ፈለግሁ። ያለፈው ጊዜ ግሥ ከአፌ ጠፋና "አይ ኖው"፣ አውቃለሁ አልኳት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። አሁን አወቅሁ ማለቴ መስሏት እጄን መታ መታ አደረገችና፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም አለችኝ። ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ የምችለው ቃል አልነበረም። ያላግባብ ተጽናንቼ ተቀመጥኩ።

ሾርባውን አምጥታ አስቀመጠችልኝ። ጠጣሁት፤ ጨዉ ልክ ነው። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ወጥ ቤት አስገብታ ከተብላላ አኩሪ አተር የተሠራውን ሊጥ የመሰለ ነገር፣ የባሕሩን ቅጠል፣ የደረቀውን ዓሣ በየተራ አሳየችኝ፤ እኔም በአማርኛ ጻፍኩት። ገንዘቡን አልቀበልም አለችኝ፤ በግድ ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ወጣሁ።

በማግሥቱ ለእናትሽ ደወልኩ። ምንም አላስቀረሁም። ጉርሻውን ነገርኳቸው፣ ሟርቱን ነገርኳቸው፣ ሜኑውን ነገርኳቸው፣ አራቱን ውሸቶች ከነወራቸው ቆጠርኩላቸው፤ አምስተኛው ለእርስዎ የነገርኩት ነው አልኳቸው። አንቺ ታውቂ እንደነበርም ነገርኳቸው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ "የጾም ነው የፍስክ?"

አልገባኝም ነበር። ሙት ዓመቷ ዓርብ ይውላል፣ ሾርባው የጾም ነው ወይስ የፍስክ ነው የምልህ አሉኝ። ዓሣ እንዳለበት ነገርኳቸው። ዓሣውን እተወዋለሁ አሉ። አኩሪ አተር አሰላም አለ፣ የባሕር ቅጠል ግን ከየት አመጣለሁ፣ በጎመን አደርገዋለሁ አሉ። ያለኝን ሁሉ ከወረቀቴ እያነበብኩ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እንደ ወትሯቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ልንሰነባበት ስንል ድምፃቸው ተለወጠ።

"አንተን ዛሬ ይቅር አልልህም፤ ከአፌ አይወጣም" አሉኝ። "ደግሞ ይህ ለእኔ የሚነገር አይደለም። ለራሷ ንገራት። ጻፍላት፤ በአፍህማ ትሸሻለህ።"

ዓርብ ዕለት አበሉልሽ። ሙሉ ድስት አኩሪ አተር አሳድረው፣ ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ በጎመንና በሽንኩርት ቅጠል ሾርባ አደረጉት። የመጡት እናቶች በርበሬው ተረስቶ ነው ብለው እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ፣ እናትሽ ተነሥተው፣ ልጄ በሰው አገር አምሯት ሳታገኘው የሄደችው ምግብ ነው ብለው ነገሯቸው። ማታውን ደውለው እንዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "አይጣፍጥም" አሉኝ። "ግን አለቀ።"

እንግዲህ ፍሬዬ፣ የታዘዝኩትን ይኸው ፈጸምኩ። ክፍት ነበር። በሐምሌም፣ በነሐሴም፣ በመስከረምም፣ በታኅሣሥም ክፍት ነበር፤ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አውቀሽ ዝም ያልሽው ለእኔ አዝነሽ ይሁን ወይስ ተቀይመሽኝ፣ ወይም እስከ መጨረሻው እመጣለሁ ብለሽ ጠብቀሽኝ፣ ያንን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሴትዮዋ ላምጣልሽ ስትልሽ እሺ ብትያት ኖሮ ሾርባውን ትጠጪ ነበር። ከሷ እጅ አልፈለግሽውም። ከእኔ እጅ ነበር የፈለግሽው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ፣ የምሄድበት ግን የለም።

ይቅርታሽን በዚህ ወረቀት ላይ አልለምንሽም፤ የማትችይውን መጠየቅ ሌላ ማጭበርበር ይሆናል። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው። ሰዎች ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ ደግነትሽንና ሳቅሽን ብቻ ነበር የማወራው፤ ሰው ይወድልኛል፣ እኔም ጥሩ ባል እመስላለሁ። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ሾርባ ለምናኝ ከለከልኳት ብዬ ከዚያ እጀምራለሁ። ለጋሼ መኮንን ትናንት ነገርኳቸው፤ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ ደረጃው ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። ትምህርቴንም አልተውም፤ ያለፈውን ጊዜ አስተካክዬ መናገር የቻልኩ ዕለት ወደ እትዬ ሩዝ ሄጄ ያን ቀን የተሳሳተችውን አርማታለሁ። እስከምሞትባት ቀን አስታውስሻለሁ፤ አንቺን እንደነበርሽ፣ ራሴንም እንደነበርኩ።

ባለቤትሽ ደምሴ፣
ከኮሎምበስ